ጅማ ላይ የጀልባ ሸራ፦ አመራረጡ፣ አሰፋፉ፣ አለባበሱ

እሺ፣ ጅማ ደሞ ምን ጀልባ አለና ነው የሸራ ወሬ የሚል አይጠፋም። አለ እንጂ። ወደ አዲስ አበባ ስትወጡ አሰንዳቦ አካባቢ የግልገል ጊቤ አንድ ሰው ሰራሽ ሀይቅ አለ፣ ግድቡ ስራ የጀመረው በፈረንጆች 2004 ነው፣ በዳውሮ በኩል ስትወርዱ ደሞ የጊቤ ሶስት ሀይቅና ሀላላ ኬላ አለ፣ እና እዚህ ከተማ ግቢያቸው ውስጥ ትንሽ የፋይበር ጀልባ ወይ በአየር የምትነፋ ጀልባ አስቀምጠው ሲመቻቸው በፒክአፕ ጎትተው የሚወርዱ ሰዎች አሉ፣ ብዙ ባይሆኑም አሉ። ነገሩ ግን ጀልባዋ ውሃ ላይ የምትውለው አልፎ አልፎ ነው፣ ቀሪውን ጊዜ ግቢ ውስጥ ተገትራ ዝናብና ፀሀይ ሲፈራረቁባት ነው የምትከርመው፣ ስለዚ ከሞተሩ ቀጥሎ ሊታሰብበት የሚገባው ሸራው ነው ባይ ነኝ። ጀልባ ባይኖራችሁም መኪና ወይ ባጃጅ ውጪ የምታሳድሩ ሰዎች ብታነቡት አይጎዳችሁም፣ ግማሹ ነገር ያው ነው።

የጅማን አየር ታውቁታላችሁ። በአመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው፣ መጋቢት አካባቢ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ሲያሻው ይዘንባል፣ ሰኔ ሐምሌ ነሀሴማ አይወራም። ሰው የሚረሳው ፀሀዩን ነው። ከተማችን ከባህር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ነው፣ አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር ደሞ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል፣ ስለዚ ባህር ጠረፍ ላለ ሰው ታስቦ ይሄን ያህል አመት ይቆያል ተብሎ የተጻፈ ነገር እዚህ ጥቅምትና ጥር ላይ ያለውን ፀሀይ ሲቀምስ ቀኑ ያጥራል። ዝናብ የሚችል ሸራ ብቻ ብላችሁ አትግዙ፣ ፀሀይም የሚችል በሉ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ከላይ ከሚወርደው ውሃ ይልቅ ከስር ታፍኖ የሚቀረው እርጥበት ይብሳል። ይሄን ለጅማ ሰው ማስረዳት ደሞ ቀላል ነው፣ ቡና አልጋ ላይ ገና ሳይደርቅ ዝናብ መጣ ብላችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ብትረሱት ምን ይሆናል? ያልበዋል፣ ይሻግታል፣ ሽታው ይለወጣል፣ ገዢ ዞር ብሎ አያየውም። ጀልባም ልክ እንደዛው ነው። በላስቲክ ጥብቅ አድርጎ የጠቀለለ ሰው ክረምቱ አልፎ ሲከፍት ወንበሩ ላይ ጥቁር ሻጋታ፣ ያበጠ የወለል ጣውላ፣ የዛገ ብሎን፣ የሸተተ ላይፍ ጃኬት ነው የሚጠብቀው፣ አንድ ጠብታ ዝናብ ሳይገባ ማለት ነው። ሌሊት ሲበርድ፣ በተለይ ህዳርና ታህሳስ፣ ከላስቲኩ ስር ያለው እርጥብ አየር ውሃ ይሆንና ከላይ ተንጠልጥሎ ያድራል፣ ጠዋት ተመልሶ ጀልባው ውስጥ ይንጠባጠባል። ስለዚ ውሃ ያስገባል ወይ ብላችሁ ስትጠይቁ ያስተነፍሳል ወይ የሚለውንም አብራችሁ ጠይቁ።

መጀመሪያ ጀልባው የት ነው የሚቆመው የሚለውን ወስኑ፣ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት። ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ከሆነ ውድ ነገር አያስፈልጋችሁም፣ አቡጀዲ አሰፍታችሁ ለአቧራና ለወፍ ኩስ ጣል ማድረግ ይበቃል፣ ይተነፍሳል ይታጠባል አለቀ። ግቢ ውስጥ ሜዳ ላይ ከሆነ ግን ሙሉ ልብስ ያስፈልጋል። ውሃ ላይ ታስሮ የሚያድር ከሆነ ሌላ ነው፣ እየተጎተተ የሚሄድ ከሆነ ደሞ ሌላ፣ አንዱ ለሁሉም ይሆናል ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው አትመኑት። በዛ ላይ ቢሚኒ የሚባለውን ጥላ ከሸራ ጋር የሚያምታቱ አሉ፣ ቢሚኒ እየቀዘፋችሁ ፀሀይ እንዳይመታችሁ ነው እንጂ ጀልባውን አያለብስም፣ ሲቆም ታጥፎ ከሸራው ስር ነው የሚገባው።

ሜዳ ላይ ለሚያቆም ደሞ አንድ ነገር፦ አቮካዶ ዛፍ ስር አታቁሙ። ጥላ አገኘሁ ብሎ እዛ የሚያቆም ሰው አለ፣ የጅማ አቮካዶ ከላይ ሲወርድ ሸራውን መቅደድ ብቻ አይደለም መስታወቱንም አይምረውም፣ የበሰለው ደሞ ዘይቱ ሸራው ውስጥ ገብቶ በምንም አይለቅም።

የጨርቁ ጉዳይ። ገበያ ላይ የምታገኙት በጥቅሉ አምስት አይነት ነው።

ሰማያዊው ወይ ብርቱካናማው የላስቲክ ሸራ፣ ግንባታ ላይ የምናየው፣ ፖሊኢትሊን ነው። ርካሽ ነው፣ መርካቶ በየሱቁ አለ፣ ውሃ አያስገባም፣ ግን አይተነፍስም፣ ፀሀይ ሲመታው በወራት ውስጥ ይደርቅና ቁርጥራጩ እየረገፈ ግቢውን ይሞላዋል፣ ንፋስ ሲያርገበግበው ደሞ ጠርዙ የጀልባውን ቀለም፣ ጄልኮት የሚሉትን አብረቅራቂውን ሽፋን፣ እየፋቀ ይጨርሰዋል። ለአንድ ሳምንት ችግር ማለፊያ እሺ፣ ለክረምት ግን በፍጹም። በርካሽ ገዝታችሁ ጀልባውን በውድ ነው የምታስቀቡት።

ቀጥሎ የጭነት መኪና ሸራ አለ፣ አይሱዙ ላይ የሚታሰረው ወፍራሙ፣ ፖሊስተር ላይ ፒቪሲ የተለበጠበት። በካሬ ሜትር ብዙ ጊዜ ከ500 ግራም በላይ ነው። ጥንካሬው አያጠያይቅም፣ እዚህ ከተማ የሚሰፋውም የሚጠግነውም ሞልቷል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ሁለት ነው፣ አይተነፍስም፣ እና ከባድ ነው፣ ብቻችሁን አውጥታችሁ ማልበስ ወገብ ይጠይቃል። ይሄን የምትመርጡ ከሆነ የአየር መውጫ የግድ ነው፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ሶስተኛው ድሮ የምናውቀው የጥጥ ሸራ ነው፣ አረንጓዴው ካኪው። ይተነፍሳል፣ ውሃ ሲነካው ክሩ ያብጥና ቀዳዳውን ይዘጋል፣ ስለዚ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያስገባና ከዛ ይቆማል። ግን ይሸበሸባል፣ ለረጅም ጊዜ እርጥብ ከሆነ ይበሰብሳል፣ የኛ ክረምት ደሞ ለመድረቂያ ጊዜ አይሰጥም።

አራተኛው ፖሊስተር ነው። እዚህ ጋ ዲኒየር የሚባል ቁጥር ትሰማላችሁ፣ 300 ዲ፣ 600 ዲ፣ 1200 ዲ ይላል። ትርጉሙ ቀላል ነው፣ የክሩ 9,000 ሜትር ርዝመት ስንት ግራም ይመዝናል ነው፣ ስለዚ 600 ማለት 9,000 ሜትሩ 600 ግራም ነው ማለት ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይወፍራል። ከ600 በታች ለውጪ አልመክርም። ግን ቁጥሩ የክሩን ውፍረት እንጂ የፀሀይ መከላከያውን አይናገርም፣ 600 ሆኖ በአንድ በጋ ቀለሙ ነጣ ብሎ በጣት የሚቀደድ አለ፣ ስለዚ ዩቪ፣ ማለትም የአልትራቫዮሌት መከላከያ፣ የተቀባ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ቀለሙም ክሩ ሲሰራ አብሮ የገባ ከሆነ ይሻላል።

አምስተኛው አክሪሊክ ነው፣ ሰንብሬላ የሚባለው የታወቀው ነው። በካሬ ሜትር 300 ግራም ገደማ ነው፣ ቀለሙ ከክሩ ጋ አብሮ የተሰራ ስለሆነ ቶሎ አይነጣም፣ ይተነፍሳል፣ ፀሀይ ይችላል። ውድ ነው፣ ስለታም ጠርዝ ጋ ሲፋተግም ቶሎ ይበላል። ከውጪ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁና ሻንጣው ቦታ ካለው በል አምጣልኝ የሚባለው ይሄ ነው።

የኔ ምርጫ ለጅማ? ብር ካለ አክሪሊክ፣ ከሌለ ወፍራም ፖሊስተር ከነአየር መውጫው፣ እሱም ካልተገኘ የአይሱዙ ሸራ ከፍ ባለ ደጋፊ ላይ ተወጥሮ ጎኑ ክፍት ሆኖ። ይሄ የመጨረሻው ከምታስቡት በላይ ይሰራል፣ ምክንያቱም ልብስ መሆኑ ቀርቶ ጣሪያ ይሆናል።

ሱቅ ስትሄዱ ሻጩ የሚላችሁን ሰምታችሁ ዝም በሉና እራሳችሁ ሞክሩ። ጨርቁን አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ በደንብ እፍ በሉ፣ ትንሽ አየር በወዲያ በኩል እጃችሁ ላይ ከተሰማችሁ ይተነፍሳል። ከዛ በእጃችሁ ጎድጎድ አድርጋችሁ ያዙትና ከሃይላንድ ውሃ ትንሽ አፍሱበት፣ አምስት ደቂቃ ያህል ቆዩና ከስር ዳብሱት፣ ላብ ያህል ከሆነ ችግር የለም፣ ከተንጠባጠበ መልሱለት። ጥፍራችሁን ጠርዙ ላይ ፋቅ ፋቅ አድርጉ፣ ልባጡ የሚላላጥ ከሆነ አትንኩት። ሻጩ ይናደዳል፣ ይናደድ።

ልኩ ላይ ሰው በጣም ነው የሚሳሳተው። ተሰፍቶ የመጣ ሸራ የምትገዙ ከሆነ ርዝመቱ የሚለካው ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ኋላው በመሀል መስመር ቀጥ ብሎ ነው፣ ሜትሩን በመስታወቱና በወንበሩ ላይ እያጎበጣችሁ አይደለም። ስፋቱ በጣም ሰፊ የሆነው ቦታ ላይ ነው። ሞተሩ ከኋላ ተገጥሞ የሚቀመጥ ከሆነ የሞተሩን ጭንቅላት ይጨምራል ወይስ አይጨምርም የሚለውን አረጋግጡ፣ አንዳንዱ ልክ ሞተር ሳይጨምር ነው የሚጻፈው። በሁለት ቁጥር መሀል ከሆናችሁ ትልቁን ውሰዱ ግን በጣም አይትረፍረፍ፣ የተረፈ ጨርቅ ውሃ ይይዛል ንፋስም ይገባበታል።

ለሸራ ሰፊ የምትሰጡ ከሆነ፣ ጅማ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይሄ ነው፣ ቁጥር ጽፋችሁ አትስጡት። ርካሽ ላስቲክ ገዝታችሁ ጀልባው ላይ ወጥሩት፣ በማርከር ጠርዙን፣ መስታወቱን፣ ብረቱን ሁሉ ምልክት አድርጉ፣ አፍንጫ የቱ ኋላ የቱ እንደሆነ ጻፉበት፣ ከዛ ከጀልባው ጎን የጎማ ጠርዝ በታች 15 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲወርድ አስባችሁ ቁረጡትና ላስቲኩን እራሱን ለሰፊው ስጡት። የስፌት ትርፍ እሱ ይጨምራል። ያኔ ክርክር አይኖርም።

ክሩ ላይ ግን ክርክር ይኑር። ወሬው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፦

«ሼኬ፣ በምን ክር ነው የሚሰፉልኝ?»

«አታስብ ልጄ፣ የአይሱዙ ሸራ የምሰፋበት ነው፣ በሬ አይበጥሰውም።»

«መጠንከሩንስ አምናለሁ፣ የጥጥ ነው ወይስ ፖሊስተር?»

«ክር ክር ነው እንግዲህ።»

ክር ክር አይደለም። የጥጥ ክር ይበሰብሳል፣ ናይለን ደሞ ጠንካራ ቢሆንም ፀሀይ ከፖሊስተር ቶሎ ይጎዳዋል፣ ስለዚ ወፍራም ፖሊስተር ነው የሚፈለገው። ለማወቅ ጫፉን በክብሪት ለኩሱት፣ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ድቡልቡል ይሆናል፣ ይሄን ሼኬ ፊት ስታደርጉ ግን በትህትና ይሁን፣ አስቀድማችሁ ሻይ ጋብዙ። ከዛ ሁለት ነገር ለምኑ፣ ስፌቱ ድርብ ታጥፎ ይሁን፣ እጥፋቱም ወደ ታች የሚያይ ይሁን ውሃው ሲወርድ ስር እንዳይገባ። ስፌቱ በጣም አይቅረብ፣ ቀዳዳው ሲበዛ በዛ መስመር ነው የሚቀደደው። መስታወት ጥግ፣ ብረት ማሰሪያው፣ የሞተሩ ጫፍ ጋ ሁለተኛ ድርብ ጨርቅ ይጨመርበት፣ የድሮ ጂንስ ግን አይሆንም ውሃ ይዞ ይቀራል። ጠርዙን ዙሪያውን ገመድ የሚገባበት አድርጎ አጥፎ ይስፋው፣ የብረት ቀለበት ካስገባ ነሀስ ወይ የማይዝግ ብረት ይሁን፣ የሚዝገው ቀለበት ሸራውንም ጀልባውንም ቡናማ ያደርጋል።

እሺ ሸራው ተሰፋ። አሁን ሰው ሁሉ የሚዘነጋው ነገር መጣ፣ ደጋፊው። ይሄ ከጨርቁ ጥራት በላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሸራ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተወጠረ ዝናቡ መሀሉ ላይ ይተኛል፣ ውሃ ደሞ ክብደቱ ቀልድ አይደለም፣ አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ውሃ 10 ኪሎ ነው። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ጎድጓዳ ቦታ አምስት ሳንቲ ሜትር ከያዘ 100 ኪሎ፣ አንድ ኩንታል። ኩንታሉ ከተንጠለጠለ ጨርቁ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ጉድጓዱ ይጠልቃል፣ ሲጠልቅ ሌላ ውሃ ይይዛል፣ በአንድ የሐምሌ ሌሊት ስፌቱ ይተረተራል ወይ የመስታወቱ ፍሬም ይጎብጣል። በዛ ላይ የተኛ ውሃ ለወባ ትንኝ ነው የሚመቸው፣ ከእንቁላል እስከ መብረር አንድ ሁለት ሳምንት ይበቃታል፣ በጊቤ አካባቢ ደሞ ወባ ተረት አይደለም።

ስለዚ መሀሉ ከፍ ይበል። ከአፍንጫ እስከ ኋላ በመሀል መስመር ላይ የጀርባ አጥንት ይኑረው። ውጪ ሀገር የሚታጠፍ የአሉሚኒየም ምሰሶ ይሸጣል፣ እኛ ጋ ቀርከሃ አለ፣ ቀርከሃውን ሰንጥቃችሁ ከጎን ወደ ጎን ቀስት አድርጋችሁ ታጎብጡታላችሁ፣ በላዩ አንድ ረጅም ቀርከሃ በመሀል ታስራላችሁ፣ አለቀ። የፒቪሲ ቱቦም ይሆናል፣ ይጎብጣል አይበሰብስም። አጣና የሚጠቀም አለ፣ እሱ ከባድ ነው፣ ልጡም በደንብ ካልተላጠ ቀለም ይለቃል። ቋሚ ካደረጋችሁ ጫፉ ሸራውን እንዳይበሳ አሮጌ የቴኒስ ኳስ ቀድዳችሁ አልብሱት ወይ ጨርቅ ጠምጥሙበት፣ ከስሩም ሰፋ ያለ ጣውላ አድርጉ ወለሉን እንዳይወጋው። ቀርከሃው ላይ የተሰነጠቀ ስለት ካለ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ።

ልክ ነው አይደለም የሚለውን ለማወቅ ዝናብ አትጠብቁ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ከላይ ከተለያየ ቦታ አፍሱና የት እንደሚቆም እዩ። የቆመበት ቦታ ሌላ ቀስት ይፈልጋል። ጀልባው ካሬሎ፣ መኪና የሚጎትተው ጋሪ፣ ላይ ከሆነ አፍንጫውን በጃክ ከፍ አድርጉት፣ ከኋላ ያለውን የውሃ ማፍሰሻ ቡሽ አውልቁት፣ ምንም ቢሆን የገባ ውሃ በራሱ ይውጣ። ቡሹን ደሞ ከሞተሩ ቁልፍ ጋ አብራችሁ እሰሩት፣ ምክንያቱን ውሃ ላይ ስትወርዱ ታውቁታላችሁ።

አሰራር ላይ ብዙ አልልም። የሞተር ሳይክል ላስቲክ ገመድ ብቻውን አይበቃም፣ ንፋስ ሲመጣ ይለጠጣል ሸራው ይርገበገባል፣ የሚርገበገብ ሸራ ደሞ ከስሩ አቧራ ካለ ጀልባውን ይፍቃል። ዘለበት ያለው ጠፍጣፋ ማሰሪያ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ተደርጎ ከጀልባው ሆድ ስር ዞሮ ቢታሰር ነው የሚሻለው። ብረት መንጠቆ ቀለሙን እንዳይነካ በከመነዳሪ ጎማ ቁራጭ ሸፍኑት። ከማልበሳችሁ በፊት ጀልባውን እጠቡና ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ አቧራ ላይ የለበሰ ሸራ የአሸዋ ወረቀት ነው የሚሆነው።

አየር መውጫ ያልኩት ይሄ ነው። ቢያንስ ሁለት ቀዳዳ፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ ከፍ ባለው ቦታ ላይ፣ ከላያቸው ዝናብ የማያስገባ ክዳን ያለው ሆኖ። ሁለት የሆነው አየሩ በአንዱ ገብቶ በአንዱ እንዲወጣ ነው። ቀዳዳውን በወባ አጎበር ቁራጭ ስፉት፣ ያረጀ አጎበር ማለቴ ነው፣ የልጆች አልጋ ላይ ያለውን እንዳትነኩ። አጎበሩ ለትንኝ ብቻ አይደለም፣ የንብ መንጋ ጨለማና ደረቅ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ይሰፍራል፣ ተርብም ይሰራል። ውስጡ ያለውን ወንበር ስፖንጁን አቁሙት እንጂ አታስተኙት፣ የመሳቢያ ክዳን ሁሉ ክፍት ይሁን፣ ላይፍ ጃኬቱን ቤት አስገቡት። በክረምት ፀሀይ ብቅ ያለ ቀን፣ እሁድ ምናምን፣ ጎኑን ገልጣችሁ ለሁለት ሰአት አናፍሱት።

ጉዞ ላይ ደሞ ህጉ ይለያል። ለማቆሚያ የተሰፋውን ሰፊ ሸራ አልብሳችሁ አስፋልት ላይ 80 ብትነዱ ንፋሱ ፊኛ አድርጎ ይነፋውና ይቀደዋል ወይ ኋላ ላለው ሹፌር መስታወት ላይ ይለጥፈዋል። ለጉዞ ልክክ ያለ ሸራ ካላችሁ አልብሱ፣ ከሌላችሁ ራቁቱን ይሂድ፣ ልብሱ ፒክአፑ ላይ ታጥፎ ይጫን። የውስጥ ደጋፊ ምሰሶዎችን አውጡ፣ ይወድቁና ከስር ይሰብራሉ። ማሰሪያውን አንዴ ጠምዘዝ ብታደርጉት በንፋስ የሚያሰማው ጩኸት ይቀንሳል። በዳውሮ መስመር ጠመዝማዛው ብዙ ስለሆነ ትንሽ ሄዳችሁ ቁሙና ሁሉንም ደግማችሁ አጥብቁ፣ መጀመሪያ ላይ ገመዱ ቦታ ይዞ ይላላል።

ውሃ ላይ ታስሮ የሚያድር ከሆነ ማሰሪያ በሆድ ስር ማዞር አይመችም፣ ስለዚ ጠርዙ ላይ ክብደት ይንጠለጠላል። ድንጋይና ብረት አይሁን ጎኑን ይመታል፣ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ ጠርሙስ በሲባጎ አስራችሁ ዙሪያውን አንጠልጥሉ፣ ለስላሳ ነው አይቧጭርም። ይሄ ለጉዞ አይሰራም ግልጽ ነው። ጅማ ዳር ያለው ቦዬ ረግረግ ላይ ጀልባ አስሮ ማሳደር ለሚያምረው ሰው ግን ሸራ ከምመክረው ቦታ እንዲቀይር ብመክረው ይሻላል፣ እዛ ጉማሬ አለ፣ ጉማሬ ደሞ ሳር ለመጋጥ የሚወጣው ሌሊት ነው፣ የትኛውም ዲኒየር አይመልሰውም።

ሞተሩ። ትኩስ ሞተር አታልብሱ፣ ይቀዝቅዝ። ከግድብ ውሃ ስትመለሱ ደለል ስለሚኖር በንጹህ ውሃ አጥባችሁ ቀጥ ብሎ ቆሞ ውስጡ ያለው ውሃ ይውረድ፣ ከዛ ለብቻው ትንሽ ኮፍያ አሰፉለት። የቤንዚን ታንኩን አውጡት፣ ባትሪውንም። ቤንዚን በታፈነ ሸራ ስር ጋዙ ይጠራቀማል፣ ስትከፍቱ አንዱ ሲጋራ ይዞ ቢቆም ምን እንደሚሆን አስቡት። ሸራ ለብሶ እያለ ሞተር ወይ ጀነሬተር ማስነሳትም ክልክል ነው፣ የሚወጣው ጭስ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፣ ሰው ይገድላል።

በአየር የምትነፋ ጀልባ ያላችሁ፣ ብዙዎቹ ፒቪሲ ናቸው፣ ፀሀይ ነው ጠላታቸው፣ ክሩ ሳይሆን ማጣበቂያው ነው ቀድሞ የሚለቀው። ግቢ ውስጥ ተነፍታ የምትቀመጥ ከሆነ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ሸራ አልብሱ፣ ጥቁር ሙቀት ይስባል። ከሰአት በኋላ አየሩ ሲሞቅ ስለሚነፋፋ ትንሽ አየር ቀንሱላት። የተሻለው ግን አድርቆ አጥፎ ቤት ማስገባት ነው፣ አይጥ የማይደርስበት ቦታ። አይጥ የታጠፈ ፒቪሲ ይወዳል፣ በተለይ ቆሎ የተበላበት ከሆነ።

አጥበት በአመት ሁለቴ፣ አንዴ ግንቦት ሳይጨልም አንዴ ህዳር ላይ። መጀመሪያ ደረቁን አቧራ በመጥረጊያ፣ ከዛ ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ላርጎ በለስላሳ ብሩሽ፣ በደንብ ማለቅለቅ፣ ገመድ ላይ ማስጣት። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት የውሃ መከላከያውን ያጥበዋል። አክሪሊክ ላይ ሻጋታ ከወጣ የተበረዘ በረኪና ይቻላል፣ ሌላው ጨርቅ ላይ ግን አይሞከርም፣ ክሩን ይበላዋል። ቤት ያለች እህታችሁ ወይ ሰራተኛዋ በረኪናውን ከአሞኒያ ነገር ጋ እንዳትቀላቅል ንገሯት፣ ጋዙ መርዝ ነው። ውሃ ድሮ እንደ ጤዛ ይንከባለል የነበረው አሁን ሰመጥ ካለ መከላከያ ስፕሬይ ይፈልጋል። እርጥቡን አታጥፉ፣ አንድ ሌሊት ይበቃዋል ለመሽተት።

ስፌቱ ጋ ማንጠባጠብ ከጀመረ ሰም ነው መድሀኒቱ፣ ጅማ ደሞ ሰም አያጣም። የማር ሰም ወደ 63 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ቀኑን ሙሉ ፀሀይ ላይ የዋለ ሸራ ላይ አይፈስም፣ ስፌቱ ላይ በደንብ እሹት ከዛ በጸጉር ማድረቂያ ለስለስ አድርጉት ክሩ ውስጥ ይግባ። ሽታው ንብ ይጠራል የሚል አለ፣ እውነት ነው ሊጠራ ይችላል፣ ንብ ያለበት ሰፈር ከሆናችሁ ነጩን ሻማ ተጠቀሙ። ዚፑ ሲጠነክርም ያው ሻማ ነው። የፒቪሲ ሸራ ከተቀደደ ከዛው ጨርቅ ጥጉ ክብ የሆነ እራፊ ቆርጣችሁ ሁለቱንም አጽድታችሁ ማስቲሽ ቀቡ፣ እስኪደርቅ ጠብቁና ጫኑት፣ ጥጉ ስል ከሆነ ከዛ ነው መላጥ የሚጀምረው። ለአክሪሊክና ለፖሊስተር ማስቲሽ ሳይሆን መርፌ ነው።

ጨርቁን በሁለት እጅ ይዛችሁ ስትጎትቱት እንደ ወረቀት ከተከፈለ ግን ጥገናው ብር ማባከን ነው፣ ሌላ ግዙ። አሮጌውን አትጣሉት፣ ፀሀይ ያላገኘው የጎኑ ክፍል ደህና ነው፣ ለሞተሩ ኮፍያ፣ ለአዲሱ ሸራ ጥግ ማጠናከሪያ፣ ለካሬሎው ጎማ ከለላ ይወጣዋል፣ የላይኛውን ደሞ ጎረቤት እንጨቱን ይሸፍንበታል።